የመሪጌታ ገብረወልድ ቀኝ እጅ

መሪጌታ ገብረወልድን የገደላቸው ሰው አንድ ጊዜ መትቶ አልተዋቸውም። ግንባራቸው ተፈርክሶ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ደማቸው ኮምፒውተሩን አልብሶ ጣሪያው ድረስ ተረጭቷል። እንጨት የሚፈለጥበት የግቢው መጥረቢያ እግራቸው ሥር ተጋድሟል። ቀኝ እጃቸው ከአንጓው ተቆርጦ ተወስዷል።

ከሬሳው አጠገብ ባለ ወንበር ላይ አንድ መጽሐፍ ቅዱስ ተገልጦ ተቀምጧል። ማቴዎስ ምዕራፍ አምስት ነው። ኢንስፔክተር ፈቲሀ ሸምሶ ጎንበስ ብላ አነበበችው፤ «ቀኝ እጅህም ብታሰናክልህ ቆርጠህ ከአንተ ጣላት።»

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አለች ቀስ ብላ።

ፈቲሀ የቡታጅራ ልጅ ናት። ወልቂጤ ከመጣች ወዲህ የነፍስ ግድያ ሲሆን እሷን ሳይጠሩ የሚጀመር ምርመራ የለም። ሬሳ አይታ አታለቅስም ይሏታል። ሐሰት ነው፤ ታለቅሳለች፣ ግን ገዳዩ ከተያዘ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ዓይኗ ለሌላ ሥራ ይፈለጋል።

ቤቱ ከጅማው መንገድ ገባ ብሎ የሚገኝ፣ ጓሮው እንሰት የሞላበት የኪራይ ቤት ነው። እዚህ ሦስት ሰዎች ተቀምጠው ወንጌልን ወደ ጉራጊኛ ይተረጉሙ ነበር። መሪጌታ ገብረወልድ ከኦርቶዶክስ፣ መምህር ኃይሌ ከእምድብር ካቶሊኮች፣ ወንጌላዊ ይታገሱ ደግሞ ከፕሮቴስታንቶች ናቸው። ሩቲ የምትባል ወጣት በኮምፒውተር ትጽፍላቸዋለች። የመሪጌታ ደቀ መዝሙር ዲያቆን ዘርጋው መጻሕፍት ያቀርባል፣ ውሃ ይቀዳል። በሩ አልተሰበረም፤ ከሟቹ ሌላ ቁልፍ ያላቸው እነዚሁ አራቱ ብቻ ናቸው።

ሳጅን ራምዚ እያለከለከ ገባ።

«ኢንስፔክተር፣ ነገሩ ተበላሽቷል። ሩቲ ሬሳውን አይታ ስትጮህ ጎረቤት ሁሉ ገብቶ ነበር። መጽሐፉ ላይ የይታገሱን ስም አንብበው ወጡ። ቤቱ ድረስ ሄደው በድንጋይና በዱላ ቀጠቀጡት።»

«ሞተ?»

«ሆስፒታል ነው። ሆዱ ውስጥ ደም እየፈሰሰ ነው ይላል ሐኪሙ። አሁኑኑ አዲስ አበባ ካልደረሰ አይተርፍም። ወጣቶቹ ግን በሩ ላይ ተኝተው ‹መሪጌታን ገድሎ አምቡላንስ አይነዳለትም› ብለዋል። ያሉን ፖሊሶች ጥቂት ናቸው። ከተኮስን ደግሞ ከተማው ይቃጠላል።»

ፈቲሀ ሬሳውን፣ ከዚያም መጽሐፉን አየች። ይታገሱ ካልገደለ ያንን ለሕዝቡ ማስረዳት የምትችለው ሰውዬው በሕይወት ሳለ ብቻ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ቀን ነው።

ጎንበስ ብላ የተቆረጠውን አንጓ መረመረች። አካባቢው ደረቅ ነው ማለት ይቻላል። ጥግ ላይ ያለው ሳፋ ውስጥ ያለው ውሃ ቀልቷል። መጽሐፉን በጓንት ከፍ ስታደርገው ከሥሩ የተቀደደ ንጹሕ ነጠላ ተነጥፏል። ወለሉም ጠረጴዛውም በደም ታጥቦ፣ ገጾቹ ላይ አንዲት የደም ነጥብ የለችም።

«የማን ነጠላ ነው?» አለቻት ሩቲን። ልጅቷ ደጃፉ ላይ ተኮራምታለች።

«የመሪጌታ ነው። ወንበራቸው ላይ ነበር የሚሰቅሉት።»

«ግማሹ ነው ያለው።»

ሩቲ ራሷን ነቀነቀች። አታውቅም።

«ትናንት እዚህ ጩኸት ነበር ይላሉ ጎረቤቶች። ማንና ማን ነው የተጣላው?»

«አልተጣሉም እኮ! በየቀኑ ነው የሚጮሁት። አሠራራቸው እንዲያ ነው። አንዱን ጥቅስ መጀመሪያ መሪጌታ ይተረጉሙታል፣ ከዚያ መምህር ኃይሌ፣ በመጨረሻ ይታገሱ። ከዚያ ይከራከራሉ። እኔ የተስማሙበትን ብቻ ነው የምጽፈው።» እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «አንዳንድ ቀን ምንም ሳልጽፍ ነው የምውለው።»

«ዘርጋውስ ይከራከራል?»

«እሱ ይታገሱ ሲናገር አይቀመጥም። የመናፍቅ ትምህርት ጆሮዬ አይገባም ብሎ ጀሪካኑን አንስቶ ይወጣል። ‹ይታገሱ አፉን ሲከፍት ጀሪካኑ ይሞላል› እያልን እንስቅበት ነበር።»

«ይሄ የእጅ መቁረጥ ጥቅስስ ደርሷችሁ ነበር?»

«ባለፈው ሳምንት። ሦስቱም ሳይጨቃጨቁ የተስማሙበት እሱ ብቻ ነው። ይታገሱማ ‹ቃል በቃል ቢሆን ኖሮ የእኛ ጉባኤ በሙሉ እጅ አልባ ነበር› ብሎ መሪጌታን እስኪያነቡ አሳቃቸው።»

ፈቲሀ ሐኪም እንዲያያት ሩቲን ከአንዲት ሴት ፖሊስ ጋር ወደ ሆስፒታሉ ላከቻትና ራሷም በባጃጅ ተከተለች።

ከሆስፒታሉ በር ፊት ሰዉ እንደ ገበያ ቀን ነው። ድንጋይ ያልያዘ ጎረምሳ የለም ማለት ይቻላል። አምቡላንሱ ሞተሩ እየሠራ ከበሩ ውስጥ ቆሟል። ቀይ ሹራብ የለበሰ አንዱ ፈቲሀን መንገድ ዘጋባትና «እናንተ ምን አገባችሁ? የክርስቲያን ጉዳይ ነው!» አላት።

«የሬሳ ጉዳይ ነው። ሬሳ ደግሞ የሚያገባው እኔን ነው» አለችውና ትከሻውን ገፍታ አለፈች።

ይታገሱ አልጋ ላይ ተዘርሯል። አንዱ ዓይኑ ተደፍኗል፣ ከንፈሩ ተተርትሯል፣ ሆዱ ተነፍቷል። ሚስጥር የምትባለው ሚስቱ እግሩን ይዛ ቆማለች።

«አሰላሙ አለይኩም» አለ ሊያሾፍ ሞክሮ።

«ወአለይኩም ሰላም። አትልፋ፣ ባጭሩ መልስልኝ። ትናንት በምን ነበር የጮኻችሁት?»

«በቃና ሰርግ። ጌታ እናቱን ‹አንቺ ሴት፣ ከአንቺ ጋር ምን አለኝ› ያላት… እኔ ጊዜው የአባቱ ነው፣ እሷ አታዝዘውም ማለቱ ነው አልኩ። መሪጌታ ተቆጡ። ‹ልመናሽን እንዳልፈጽም ምን ጠብ አለን› ማለት ነው አሉኝ።» ትንፋሹ ተቆረጠ። «ከዚያ ታረቅን። ወደ ቤቴ ሄድኩ። ገደልካቸው ይሉኛል… እሳቸውን?»

«መጽሐፍህን የት ትተኸው ሄድክ?»

«መስኮቱ ላይ። ሁልጊዜ እዚያ ነው። ሳስተምር መሬት ላይም አስቀምጠዋለሁ። መሪጌታ ባዩ ቁጥር አንስተው በነጠላቸው ይጠርጉልኛል። ‹ቃሉን ትወዳለህ፣ መጽሐፉን ግን አታከብርም› ይሉኝ ነበር።» በደህናው ዓይኑ እንባ ወረደ። ሚስጥር ፈቲሀን ክንዷን ጨምድዳ ያዘቻት።

«እህቴ፣ መንገዱን አስከፍቺልኝ። ስለ አላህ ብዬ ለምኜሻለሁ።»

ፈቲሀ ክንዷን አስለቅቃ ወጣች። መፈጸሟን የማታውቀውን ቃል መስጠት አትወድም።

መምህር ኃይሌን ያገኘቻቸው ኮሪደሩ ላይ መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ ነው። በዕድሜ የገፉ፣ ጉልበታቸው የደከመ ሰው ናቸው።

«የመጨረሻው ወጪ እርስዎ ነዎት ይባላል፣ መምህር።»

«እኔ ስወጣ ገብረወልድ ተቀምጦ ያነብ ነበር። በሩን ቆልፌለት ሄድኩ። አሁን አብሬው ባመሽ ኖሮ እላለሁ።»

«ከክርክሩ በኋላ ምን ሆነ?»

ሽማግሌው አሰብ አደረጉ። «እንግዳ ነገር ሆነ። ይታገሱ ይቅርታ ጠየቀ። ገብረወልድ ተነሥቶ ቀኝ እጁን ሰጠው። እጅ ለእጅ ተያይዘው ሳሉ ይታገሱ ጸለየ፣ ገብረወልድም ‹አሜን› አለ። ስንት ዓመት አብረን ስንሠራ እንዲያ ሆኖ አያውቅም። እኔ አለቀስኩ።»

«ማን አየ?»

«እኔና ሩቲ። ዘርጋውም ጀሪካኑን ይዞ ደጃፍ ላይ ደርሶ ነበር። ውሃው ጫማው ላይ ሲፈስ እንኳ አላስተዋለም።»

«ያ የእጅ ጥቅስ በእናንተ ዘንድ ምን ማለት ነው?»

«ለኃጢአት ምክንያት ከሚሆንህ ነገር ራቅ ማለት ነው። ይታገሱ ደግሞ ሥሩን ከልብህ ንቀል ማለት ነው አለ፤ እጅ ቢቆረጥ ልብ ይሰርቃል ብሎ። ገብረወልድ በአባቶች ትርጓሜ መሠረት ቀኝ እጅ የተባለው እንደ አካልህ የቀረበህ ሰው ነው፣ ልጅህ ወይም ወዳጅህ ሊሆን ይችላል፣ ከእምነት የሚያወጣህ ከሆነ ከእሱ ተለይ ማለት ነው አለን። አካሄዱ ለየቅል ነው፤ ቢላዋ ያነሣ ግን ከሦስታችን የለም።»

ዲያቆን ዘርጋው የነበረው ለቅሶ ቤት፣ ከመሪጌታ ባለቤት ከእትዬ ተናኘወርቅ እግር ሥር ነው። ዓይኑ አብጧል። እትዬ ተናኘወርቅ ራሱን እየዳበሱ ራሳቸው ያለቅሳሉ።

«ሕፃን ሆኖ ነው የመጣልን» አሉ ለፈቲሀ። «ማለዳ ማለዳ የመምህሩን እጅ ሳይስም ቁርስ አይቀምስም።»

ፈቲሀ አጠገቡ ቁጭ አለች። «ዘርጋው፣ እኔ መጽሐፋችሁን አላውቅም። አስረዳኝ። ይታገሱ ለምን እጃቸውን ቆረጠ?»

«ተጽፎ የለም እንዴ!» ድምፁ ሻከረ። «እነሱ አባት የላቸው፣ ትርጓሜ የላቸው። ያገኙትን ቃል እንዳለ ነው የሚወስዱት። ‹ቁረጥ› ሲል ይቆርጣሉ። መምህሬ በክርክር አሸነፉት፣ እሱ ደግሞ አሰናከሉኝ ብሎ ቆረጣቸው።»

«ይታገሱ እንዲያ ሲተረጉም ሰምተኸዋል?»

«እኔ የእሱን ቃል አልሰማም!»

«እውነትህን ነው» አለች ፈቲሀና ተነሣች።

በቀጥታ ወደ ኪራይ ቤቱ ጓሮ ተመለሰች። ግማሽ ነጠላ ካለ ሌላው ግማሽ አንድ ቦታ አለ። ከእንሰቶቹ በአንዱ ሥር አፈሩ አዲስ ነው፤ የእንሰት ቅጠል ተነጥፎበት ድንጋይ ተጭኖታል። ራምዚ በእጁ ማሰ። ነጠላው ወጣ፤ አራት ቦታ ታጥፎ በጥንቃቄ የተጠቀለለ ነው። ራምዚ ከፍቶ አየና ፊቱን አዞረ።

«ሸፍነው» አለች ፈቲሀ። «መገኘቱን ካንተና ከእኔ ሌላ ማንም አይስማ። አሁን ሁሉንም ወደ ሆስፒታሉ በር አምጣልኝ። እትዬ ተናኘወርቅንም።»

በሩ ላይ፣ አምቡላንሱ ፊት ለፊት አቆመቻቸው፤ መምህር ኃይሌን፣ ሩቲን፣ ዘርጋውን፣ ጥቁር የለበሱትን ባለቤት። ለወጣቶቹ «በሩን አልፋችሁ ግቡ። መስማት የሚፈልግ ቀርቦ ይስማ» አለቻቸው። ገብተው ግቢውን ሞሉት። ቀይ ሹራቡ ከፊት ነው። ከመካከላቸው ግን ከአምቡላንሱ ፊት የተነሣ የለም።

«መሪጌታን የገደለ ሰው እዚህ ቆሟል» አለች ፈቲሀ። «ይታገሱ አይደለም። ካላመናችሁኝ እስክጨርስ ጠብቁና ውገሩኝ።»

ሕዝቡ አጉረመረመ፤ ቀጠለች።

«የተቆረጠው እጅ አልደማም። ደም የማይፈሰው ልብ ከቆመ በኋላ ነው። የሞተ ሰው እጅ የሚቆርጥ ሰው የሚቆርጠው ለሟቹ አይደለም፤ እኛ እንድናይለት ነው። ለዚህም ነው መጽሐፉን ገልጦ የተወልን። ይታገሱ ቢሆን ስሙ ያለበትን መጽሐፍ ሬሳው አጠገብ ትቶ ቤቱ ሄዶ ይተኛል? አያደርገውም።»

«ደንግጦ ይሆናላ!» አለ ቀይ ሹራቡ።

«የደነገጠ ሰው እጁን አይታጠብም። ይሄ ሰው ከገደለ በኋላ እጁን ታጠበ፤ ሳፋው ይመሰክራል። ታጥቦ ግን አልሸሸም። መጽሐፉን በንጹሕ እጁ አነሣና ደም እንዳይነካው ነጠላ አነጠፈለት። ይታገሱ መጽሐፉን መሬት የሚያስቀምጥ ሰው ነው። ገዳዩ ግን ሰው ፈልጦ እንኳ ለቃሉ ነጠላ የሚያነጥፍ ሰው ነው።»

መምህር ኃይሌ አማተቡ።

«ቁልፍ ያላቸው አራት ናቸው። ይታገሱን አወጣነው። ባለፈው ሳምንት እነዚህ ሰዎች ስለዚች ጥቅስ ተነጋግረው ነበር። ይታገሱ ቃል በቃል እንደማይወስዳት መምህር ኃይሌ ሰምተዋል። ሩቲም ሰምታ ስቃለች። ይታገሱን ለመወንጀል ቢፈልጉ፣ ይታገሱ ራሱ የሳቀበትን ትርጓሜ አይመርጡም ነበር። ጴንጤ ‹ቁረጥ› ሲባል ይቆርጣል ብሎ ከልቡ የሚያምን ሰው፣ ይታገሱ ሲናገር ተቀምጦ ሰምቶ የማያውቅ መሆን አለበት።»

ሩቲ ቀስ ብላ ወደ ዘርጋው ዞረች። እሱ መሬት መሬቱን ያያል።

«አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኛል» አለች ፈቲሀ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እትዬ ተናኘወርቅ፣ ይቅር ይበሉኝ። እጃቸውን ፈልገን አጣነው። ጓሮውን ውሻ ቆፍሮታል፤ በልቶት ይሆናል። መሪጌታ ያለ ቀኝ እጃቸው ነው የሚቀበሩት።»

ባለቤታቸው አንዴ ጮኸው ተንበረከኩ።

«ውሻ አይነካውም!» አለ ዘርጋው። «ድንጋይ ጭኜበታለሁ፣ በነጠላቸው ጠቅልዬ…»

አፉ ተከፍቶ ቀረ።

«አውቃለሁ» አለች ፈቲሀ። «‹ከአንተ ጣላት› ይላል ጥቅሱ። አንተ ግን መጣል አቃተህ። በየማለዳው የምትስመው እጅ ነበር።»

ዘርጋው ማልቀስ ጀመረ። «ያንን እጅ ሰጡት! ቃና ላይ እመቤታችንን አቃለልክ ብለው ሲቆጡት ከደጅ ሰምቻለሁ፤ ከዚያ ያንኑ እጅ ሰጥተው ለጸሎቱ አሜን አሉለት! ማታ ብቻቸውን ሳሉ ገብቼ ለመንኳቸው። ‹ይሄን ሥራ ይተዉ፣ ለነፍስዎ እፈራለሁ› አልኳቸው። ‹ልጄ፣ አንተም ቁጭ ብለህ ስማው› አሉኝ። እኔን!» ደረቱን መታ። «ራሳቸው ናቸው ያስተማሩኝ። ቀኝ እጅ የቅርብ ሰው ነው፣ ከእምነት የሚያወጣህ ከሆነ ከአንተ ቁረጠው። እኔ ከእሳቸው የቀረበ ማን አለኝ? ቀኝ እጄ እሳቸው ነበሩ!»

ያኔ ነው ለሁሉም የገባቸው። ለይታገሱ የሸረበው ትርጓሜ ይታገሱ የማያውቀው ነው፤ የገደለበት ደግሞ የገዛ መምህሩ ትርጓሜ ነው።

እትዬ ተናኘወርቅ ከተንበረከኩበት ተነሡ። ተራመዱና በጥፊ መቱት፤ ደግመው መቱት፤ አፍንጫው ደማ።

«‹ተለይ› ነው ያለህ!» አሉት። «እኔም እሰማ ነበር ሲያስተምርህ። ‹ከእሱ ተለይ› አለህ እንጂ መቼ ግደል አለህ? በሩ ክፍት ነበር፤ አትሄድም ነበር?»

ራምዚ ካቴናውን አወጣ። ዘርጋው እጆቹን ራሱ ዘረጋለት።

ሕዝቡ መሐል አንድ ድንጋይ መሬት ወደቀ፤ ከዚያ ሌላ። ወጣቶቹ ሳይነገራቸው ወደ ጎንና ወደ ጎን ከፈል ብለው ለአምቡላንሱ መንገድ ለቀቁ። ሾፌሩ ወደ ድንገተኛው ክፍል ተጠጋ። ቀይ ሹራቡ ሮጦ የኋላውን በር ከፈተና «ቶሎ በሉ! አውጡት፣ እኛ እንሸከመዋለን!» እያለ ጮኸ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው።

የወጣው ግን አልጋው ሳይሆን ሐኪሙ ነው። ጓንቱን እያወለቀ ደረጃው ላይ ቆመ። ከኋላው የይታገሱ ሚስት ጩኸት ተከተለ፤ ቃል የሌለው፣ የማያቋርጥ ጩኸት። ሐኪሙ ፈቲሀን አይቶ ራሱን ነቀነቀ።

ፈቲሀ የአምቡላንሱን ክፍት በር አየች። ትንሽ ፈጥና ቢሆን ኖሮ ብላ ልታስብ ጀመረችና ተወችው፤ መንገዱን የዘጋችው እሷ አይደለችም። ቀስ ብላ ወደ ግቢው ዞረች። ወጣቶቹ አንዱ ያንዱን ፊት ይሸሻል፤ ከኋላ ያሉት ወደ መውጫው ማፈግፈግ ጀምረዋል።

«ራምዚ» አለች። «በሩን ቆልፍ። ማንም አይወጣም።»

«ኢንስፔክተር፣ ገዳዩን እኮ ይዘነዋል።»

«የመሪጌታን ይዘናል። የይታገሱን አልያዝንም።» ወደ ቀይ ሹራቡ ጎረምሳ ሄዳ ፊት ለፊቱ ቆመች። «ስምህን ንገረኝ» አለችው።